በር ላይ ይጠብቁ

«ያ ሹፌር እናት የለውም?» አሉ አሮጊቷ። «ልጄ በር ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ሲያይ፣ እሱ የት ሆኖ ሻዩን ሲያማስል ነበር?»

ገና ከበር የገባችው ለቀስተኛ መቀመጫ ስትፈልግ ቆም አለች። ከንፈሯን መጠጠችና «እግዜር ይፍረድ» አለች፤ ከዚያም በሁለት ወፋፍራም ሴቶች መካከል እንደምንም ተሰካች።

«መኪናማ ተልኮለት ነበር» ቀጠሉ አሮጊቷ። «ሚስቱ ሰምታ ዝም አላለችውም። ያ ሁሉ ስልክ ተደርድሮባት፣ ራሷን እንኳ ማከክ ሳትችል፣ ‹መኪና እየላክሁ ነው› ብላዋለች። ሚጢ በጆሮዋ ሰምታለች። አይደለም እንዴ ሚጢ?»

ጥግ ላይ የአባቷን የስፌት ማሽን ተደግፋ የቆመችው ልጅ ራሷን ነቀነቀች። ስትነቀንቅ ግን የምታየው አያቷን አልነበረም። እናቷን ነበር።

እናቷ ደግሞ የምታየው ምንጣፉን ነው። ሹፌሮች ጣቢያ ይሏታል። በሬዲዮ መገናኛው «ጣቢያ፣ ጣቢያ» እያሉ ሲጠሯት ኖረው ስሟን ረስተውታል፤ ሰፈሩም ከነሱ ወርሶ ጣቢያ አላት። ባሏ እንኳ ሲቀልድባት «ለመሆኑ ፖሊስ ጣቢያ ነሽ ሬዲዮ ጣቢያ? ሬዲዮ ከሆንሽ ዘፈን ክፈቺልኝ፣ ፖሊስ ከሆንሽ እጄን ሰጥቻለሁ» ይላት ነበር። አሁን ጥቁር በጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ ሰው ሁሉ የማያውቀውን አንድ ነገርም ታውቃለች። መኪና አልላከችም። የቀረም ሹፌር የለም፤ ያልታዘዘ ሹፌር ከየት ይቀራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢያ የምትሠራው በአንድ የጭነት ድርጅት ስምሪት ክፍል ውስጥ ነው። የትኛው መኪና ምን ጭኖ የት እንደሚሄድ የምታዘው እሷ ናት። ዱሮ ሦስት ሆነው ነበር የሚሠሩት። አንዷ ልትወልድ ወጣችና በዚያው ቀረች፤ ሌላው የተሻለ ሥራ አገኘና ሄደ። ኃላፊው «ሰው እስክንቀጥር ሸፍኚልን» አላት። ያቺ «እስክንቀጥር» ዓመት ተሻገረች። የሦስቱም ጠረጴዛ ስልክ ወደ እሷ ተገፋ። ለመመዝገቢያ ጊዜ ስላልነበራት ስምሪቱን ሁሉ በጭንቅላቷ ያዘችው፤ ምሳዋን ቆማ ትበላለች፣ ውሃ ሽንቷን ይዛ ትውላለች። ኃላፊው በየስብሰባው «እሷ እኮ ብቻዋን ሠራዊት ናት» ይላል። እሷም፣ መቼም እውነት እውነት ነው፣ ሠራዊት መባሉን ትወደው ነበር።

ቤቱን የያዘው ባሏ ነው። ሳሎኑን ሱቅ አድርጎ ልብስ ይሰፋል። ሚጢን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት፣ ራት የሚሠራው፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ከእናቶቹ መሃል ቁጭ ብሎ «የኔዋ ሥራ ላይ ናት» የሚለው እሱ ነበር። ወሬ ነፍሱ ነው። ብቻውን ሲሰፋ መዋል ስለማይሆንለት ጠዋት ይደውልላትና ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ማሽኑ አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ እስክትመጣ አይዘጋውም። እሷ በግራ ጆሮዋ አንድ ማዳመጫ ትሰካለች። «ግራው የኔ፣ ቀኙ የድርጅቱ፤ በሽማግሌ ተካፍለናል» ይል ነበር ለደንበኞቹ። ኃላፊው የማዳመጫውን ገመድ እንዳያይባት በጃኬቷ ኮሌታ ውስጥ መሹለኪያ ሰፍቶላታል። አዲስ ጃኬት በገዛች ቁጥር የመጀመሪያ ሥራው ኮሌታውን መተርተር ነበር።

ኃላፊው መጥቶ ከኋላዋ ሲቆም ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። ባሏን እንደ ደንበኛ ታናግረዋለች። «እሺ ጌታዬ፣ ደርሶናል» ማለት እወድሃለሁ ማለት ነው። «ትእዛዝዎ ተይዟል» ማለት ዛሬ ለራት እደርሳለሁ ማለት ነው፤ አትደርስም እንጂ። እሱ ወዲያ ማዶ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይንከተከታል። ሚጢም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ አፏን ይዛ ትስቃለች። ሦስቱ አብረው የሚስቁት በዚህ ብቻ እየሆነ መጥቶ ነበር።

እየቆየ ግን መስማት ተወች። ማዳመጫው አለ፣ ጆሮዋም አለ፤ እሷ የለችም። ኃላፊው ባይኖርም «እሺ ጌታዬ» ማለት ጀመረች። ስለ ሚጢ ጥርስ ሲነግራት «እሺ ጌታዬ»፣ እናቱ ጉልበታቸውን እንደታመሙ ሲነግራት «እሺ ጌታዬ»። አንድ ቀን ሊፈትናት «ጣቢያ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው» ቢላት «እሺ ጌታዬ፣ ደርሶናል» ብላዋለች። ማታ ሲነግራት ሁለቱም ሳቁ። ቀድሞ ሳቁን ያቆመው እሱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ መጣ። ሱቁ ከበራቸው ፊት ለፊት ነው። በመጣ ቁጥር ያንኑ ይተርካል፤ አሮጊቷም በመጣ ቁጥር ያንኑ ያስተርኩታል።

«መልኩ አመድ መስሎ ነበር» አለ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ። «በርጩማውን ይዞ ወጣና በሩ ላይ ቁጭ አለ። ካፖርቱን ለብሷል፤ ሜትሩን ግን ከአንገቱ ማውለቅ ረስቶታል። ‹ምነው?› ብለው፣ ‹ደረቴን ትንሽ ተጫነኝ፣ መኪና እየመጣልኝ ነው› አለኝ።»

«ታክሲ ልጥራልህ አላልከውም?» አሉ አሮጊቷ፣ መልሱን እያወቁት።

«አልኩት እንጂ እማማ! ሳቀብኝ። ‹የስንት መኪና አዛዥ አግብቼ በታክሲ ልሂድ?› አለኝ። እንግዲያው ደግመህ ደውልላት ብለው፣ ‹ሥራ ላይ ናት፣ አልጨቀጭቃትም። እልካለሁ ካለች ትልካለች› አለ።» ባለሱቁ ወደ ጣቢያ ዞረ። «ኮርቶብሽ ነው የሞተው እህቴ። ኮርቶብሽ ነው።»

ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። ጣቢያም አለቀሰች። እንባዋ የውነት ነበር፤ ሰዎቹ ግን ለሌላ እንባ ነበር የሚያባብሏት።

የዚያን ቀን የሆነውን የሰማችው ከሚጢ አፍ ነው። ከሥራ ስትሮጥ ደርሳ፣ ሰዎቹን በክርኗ ገፍታ፣ በርጩማው ሥር አንሶላ ለብሶ ስታየው፣ ልጅቷ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት። «መኪናው የት ቀረ?» አለቻት። «አባዬ ደረቴን ተጫነኝ፣ መኪና ላኪልኝ ሲልሽ፣ ‹እሺ ጌታዬ፣ መኪና እየላክሁ ነው፣ በር ላይ ይጠብቁ› አልሽው እኮ። እሱም ሰምታኛለች አለና ካፖርቱን ለበሰ። እኔን ገብተሽ የቤት ሥራሽን ሥሪ አለኝ። መኪናው የት ቀረ እማዬ?»

ጣቢያ ቃሏን አስታወሰች። ብላዋለች፤ ግን ለሱ አልነበረም። በቀኝ ጆሮዋ የብስኩት ፋብሪካው ሰውዬ ዕቃዬ ፀሐይ ላይ ነው እያለ ይጮህባት ነበር። «እሺ ጌታዬ፣ መኪና እየላክሁ ነው፣ በር ላይ ይጠብቁ» ያለችው እሱን ነው። መኪናውም በሰዓቱ ደርሶለታል። በግራ ጆሮዋ ምን እየተባለ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ ብትቆፍር አንድ ቃል አላገኘችም። ባሏ እየሞተ ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ እሷ ደግሞ ብስኩት እያስጫነች ነበር።

«ልከሽ ነበር አይደል?» አለች ሚጢ ያኔ።

«ልኬ ነበር» አለች ጣቢያ።

ያቺ ቃል ናት እንግዲህ ያደገችው። ሚጢ ለአያቷ ነገረች፣ አያቷ ለሰፈሩ ነገሩ፣ ሰፈሩ በየቀኑ እየመጣ ሹፌሩን ይረግማል። የሚገርመው ግን ቃሏን የነገረችው ልጅ ራሷ ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ እንድትነካት አትፈቅድም። ፀጉሯን ራሷ ታስራለች፣ የምትተኛው ከአያቷ ጋር ነው። ጠዋት ስትነሳ መጥታ ፊቷ ትቆምና «ልከሽ ነበር አይደል?» ትላታለች። «ልኬ ነበር» ስትላት እንደ ጠበቃ ዓይኗን ትመረምረውና ትሄዳለች። ጣቢያ ባሏን አጥታለች። እውነቱን ከተናገረች ልጇንም ታጣለች። ይህ እንደ ሁለት ሲደመር ሁለት ግልጽ ሆኖ ነው የሚታያት።

ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ የሚያጥቡት ሴቶች ደግሞ የራሳቸውን ያንሾካሹካሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ዛሬ ግን ግድግዳው ስስ ነው፣ ጣቢያ ሁሉንም ትሰማለች።

«መኪናስ ብትልክ፣ ራሷ አትመጣም ነበር?»

«ምን ትምጣ፣ ልጇ ስትታመም መቼ መጣች?»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»

«ኧረ ተይ፣ ቀስ በይ!»

በማግስቱ ኃላፊው መጣ። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ከወንበር ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ለመነሳት እንዲመቸው። እግዜር ያጽናሽ አለ፣ ነፍሱን ይማር አለ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሥራው ቆሟል ልልሽ አልፈልግም፤ ግን ቆሟል። ማን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ያለው አንቺ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስትረጋጊ፣ እዚሁ ተቀምጠሽ፣ በስልክ እንኳ አንዳንድ ነገር…»

ጣቢያ መልስ ሳትሰጥ አሮጊቷ ቀደሟት። «እርስዎ ነዎት አለቃዋ?»

«አዎ እናቴ።»

«እንግዲያው ሹፌሩን ያምጡልኝ። ልጄን በር ላይ ያስቀረውን።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። ነገሩን ከዚህ በፊት አልሰማም ነበር፤ ሲነግሩት ፊቱ ላይ ሐዘን ሳይሆን ስሌት ታየ። ቤተሰቡን ደስ ካሰኘ ሠራዊቱ ቶሎ ይመለስለታል። «ማን ነበር?» አላት። «ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

ጣቢያ ወደ ምንጣፉ ዞረች። ሚጢ የያዘችውን የሻይ ትሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቀና አለች።

«ቆይ፣ ያን ቀን ከሰዓት» አለ ኃላፊው ለራሱ እያሰበ፣ «ሁሉም ጭነት ላይ ነበሩ። ግቢ ውስጥ የቆመው ዳገት ብቻ ነው። ዳገት ነው አይደል? በሬዲዮ ጠርተሽው ነው?»

ዳገት የሚሉት ሌሎቹ ሹፌሮች የማይፈልጉት መንገድ ሁሉ እሱ ላይ ስለሚጣል ነው። እምቢ ማለት አያውቅም። ያን ቀን ግቢ ውስጥ የቆመውም ጣቢያ ራሷ ሁለት ሌሊት አከታትላ ስለላከችውና፣ ዓይኑ ቀልቶ ሲመጣ አሳዝኗት «መኪናህ ውስጥ ትንሽ ተኛ፣ ስፈልግህ እጠራሃለሁ» ስላለችው ነው። አልጠራችውም።

አሁን አይደለም ማለት ትችላለች። አንድ ቃል ነው። ሚጢ እያየቻት ነው። ጣቢያ አንገቷን ደፋች። ያዘነ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ኃላፊው እንዴት አድርጎ እንደሚያነበው ግን አሳምራ ታውቅ ነበር።

«በቃ፣ ገባኝ» አለ ኃላፊው። «ለኔ ተዉት እናቴ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ አሮጊቷ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። ኃላፊው ሲወጣ ከቢሮ ስልኮቿ አንዱን ትራሷ ሥር ትቶላት ሄደ።

ዳገት የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳስቶ ወንበሮቹ ሊሰበሰቡ ሲሉ ነው። ረጅም ሰው ነው፤ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባና በዚያው እንደጎነበሰ ቀረ። ማንነቱን ባለሱቁ ነው ያወጀው።

«ይሄ ነው እማማ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የገባ ሰው እንዲቀመጥ መጋበዝ ወግ ነው፤ እሱን ማንም ተቀመጥ አላለውም። ሚጢ ለለቀስተኛ ሁሉ የምታዞረውን ውሃ ይዛ በፊቱ አለፈች፣ ለሱ አልሰጠችውም።

እሱ ያውቃል፣ አለች ጣቢያ በልቧ። እንዳልጠራሁት ያውቃል፤ ሊያጋልጠኝ ነው የመጣው። ስታስበው ደግሞ ቀለላት። እሱ ይናገርላት። ያን አንድ ቃል እሱ ከአፏ ያውጣላት፣ ከዚያ ሚጢ የሆነችውን ትሁን።

ዳገት ሄዶ ፍራሹ ፊት ተንበረከከ።

«ጣቢያዬ» አለ። «ይቅር በይኝ።»

ገና አልገባትም።

«ተኝቼ ነበር» አለ። «እምልልሻለሁ፣ ሬዲዮው ክፍት ነበር፣ ድምፁንም ጨምሬው ነበር። ግን ሁለት ሌሊት ስነዳ አድሬ እንደ ሬሳ ነው የወደቅሁት። ኃላፊው ጠርታሃለች ሲለኝ አልጠራችኝም ብዬ ተከራከርኩት። በኋላ ቤቴ ገብቼ ሳስበው… ጣቢያ ጠራሁ ካለች ጠርታለች። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ሐሰት ነግራኝ አታውቅም። አሁን እንዲያውም ድምፅሽን የሰማሁ ይመስለኛል። በሕልሜ ‹ዳገት፣ ዳገት› ስትይኝ የሰማሁ ይመስለኛል፤ አልነቃሁም።»

ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ከሥራ አሰናብተውኛል፤ ለሱ አይደለም የመጣሁት፣ ይገባኛል። ሚስቴን እንኳ ምን እንደምላት አላውቅም፣ እሱንም ተዪው። ግን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ በዓይኔ እየመጣ እንቅልፍ ነሳኝ። ይቅር ካላልሽኝ እንዴት አድርጌ መሪ እጨብጣለሁ? የትም ብሄድ ማን በር ላይ ነው የሚጠብቀኝ እያልኩ…»

«ዳገት» አለች ጣቢያ። «ተነስ። ስማኝ። ያን ቀን እኔ…»

አሮጊቷ ከግድግዳው ዞሩ። የሚያጥቡት ሴቶች ጓዳው በር ላይ ብቅ አሉ፣ አንዷ እርጥብ ብርጭቆ እንደያዘች። ሚጢ የውሃውን ትሪ በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማለች። ዓይኗ የጠዋቱ ዓይን አልነበረም። ያ ጠበቃነቱ ጠፍቷል። የዱሮዋ ሚጢ ነበረች፣ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ አፏን ይዛ የምትስቀው፤ ልክ እንደተፈታች እስረኛ ፊቷ ሁሉ ተከፍቷል። እናቷ ልካ ነበር። ሹፌሩ ራሱ መጥቶ አመነ። ሌላ ጥያቄ የለም።

ጣቢያ ያንን ፊት አየችው። ከዚያ እግሯ ሥር የተንበረከከውን ሰው አየችው፤ የጸጉሩን ሽበት፣ በመሪ የጠነከሩትን መዳፎቹን። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ማትረፍ እንደማትችል ገባት። የምታተርፈውን ለመምረጥም ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም፤ ይህ ነው በኋላ በኋላ ያስፈራት።

«…እኔ ይቅር ብዬሃለሁ» አለች።

ዳገት ጉልበቷ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ጮኾ አለቀሰ። ሸክም ያወረደ ሰው ነው እንዲያ የሚያለቅስ። «እግዜር ይስጥሽ ጣቢያዬ፣ እግዜር ልጅሽን ያሳድግልሽ» አላት ደጋግሞ። ባለሱቁ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። ከጓዳው በር «ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጣት!» ሲሉ ተሰማ፤ በቀደም ስለ ቆጡና ስለ ብብቱ ያወራችው ናት።

«በሉ ወንበር አምጡለት» አሉ አሮጊቷ በመጨረሻ። «እሷ ይቅር ካለች እኔ ማን ነኝ?»

ሚጢ ውሃውን ለዳገት ሰጠችው። ከዚያ ትሪውን አስቀምጣ መጣችና እናቷ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ ትከሻዋን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ። እጇን ሰዳ የእናቷን እጅ ፈልጋ ያዘችው። ጣቢያ እጇን ቀስ ብላ ልትስብ ሞከረች። ልጅቷ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘቻት።